መናፍስት ጠሪ ሆኖ መዋጋት፦ የስካይሪም ኮንጁሬሽን ዝርዝር መመሪያ

ስካይሪም የሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ ላይ ኮንጁሬሽንን፣ ማለትም ፍጡር የመጥራትን የአስማት ክህሎት፣ ይዘው የሚጀምሩ ብዙ ተጫዋቾች ገና በጠዋቱ ተስፋ ቆርጠው ወደ ሰይፍ ወይም ወደ ቀስት ይዞራሉ። ሰበባቸውም አንድ ነው፦ ማጂካው (የአስማት ጉልበቱ) ያልቃል፣ የጠሩት ፍጡር ይጠፋል፣ ጠላት እነሱው ላይ ይወርዳል። ድግምቱ ግን ጥፋት የለበትም። የመናፍስት ጠሪ ውጊያ በአብዛኛው የሚወሰነው ሰይፍ ሳይመዘዝ ነው። የት እንደምትቆሙ፣ መቼ እንደምትጠሩና ያወጣችሁት ማጂካ በስንት ሰከንድ ተመልሶ እንደሚሞላ ካወቃችሁ ጨዋታው ውስጥ ከዚህ የሚያስተማምን የውጊያ ስልት ማግኘት ይከብዳል።

ጨዋታው በአማርኛ ስለማይገኝ የድግምቶቹን፣ ሌቨል ሲጨምር የሚወሰዱትን ልዩ ችሎታዎች ማለትም የፐርኮቹንና የቦታዎቹን ስም ሜኑው ላይ እንደሚነበቡት ጽፈናቸዋል። ቁጥሮቹ ሞድ (ተጫዋቾች የሚሠሩት ማሻሻያ) ላልተጫነበት ጨዋታ ናቸው።

መጀመሪያ ሂሳቡ

ከውጊያ ውጭ ስትሆኑ ማጂካ በየሰከንዱ ከጠቅላላው 3 በመቶ ይሞላል። ጠላት አይቷችሁ ውጊያ ከተጀመረ ግን ፍጥነቱ ወደ 1 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ይህችን አንድ ነገር ልብ ያለ ተጫዋች የመመሪያውን ግማሽ ይዟል።

በምሳሌ እንየው። 200 ማጂካ አላችሁ እንበል። ሰላም ባለበት በሰከንድ 6 ይመለስላችኋል፤ ውጊያ ውስጥ 2 ብቻ። ድሬሞራ ሎርድ የሚባለውን ተዋጊ ፍጡር ለመጥራት በ75 ክህሎትና በኤክስፐርት ፐርክ ወደ 119 ማጂካ ይወጣል። ጠላት ሳያያችሁ ብትጠሩ ያወጣችሁት በ20 ሰከንድ ተመልሶ ይሞላል፣ ድሬሞራው ደግሞ ገና 40 ሰከንድ ይቀረዋል። ውጊያ መሀል ብትጠሩ ግን ለመሙላት 60 ሰከንድ ይፈጃል። ድሬሞራው ራሱ የሚቆየው 60 ሰከንድ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀድሞ ከወደቀ ሁለተኛው እስኪመጣ ባዶ እጃችሁን ትቆማላችሁ ማለት ነው።

የድግምት ዋጋ በሁለት ነገር ይቀንሳል፦ ክህሎቱ ራሱ ሲያድግ በትንሽ በትንሹ፣ የእርከኑ ፐርክ ሲወሰድ ደግሞ በአንዴ በግማሽ። ፍሌም አትሮናክ የሚባለው የእሳት ፍጡር መጥሪያ መነሻ ዋጋው 150 ነው። ክህሎታችሁ 25 ሲሆን ወደ 125 ይወርዳል፣ አፕረንቲስ ኮንጁሬሽን የሚለውን ፐርክ ስትወስዱ ደግሞ ወደ 62። አብዛኛው ገጸ ባሕርይ የሚጀምረው በ100 ማጂካ ስለሆነ ያለዚያ ፐርክ ፍሌም አትሮናክን መጥራት እንኳ አይቻልም። መጽሐፉን ገዝቶ፣ ተምሮ፣ መሬት ላይ እጁን ዘርግቶ ምንም የማይመጣለት ጀማሪ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሌቨሎች

1. ዘር ስትመርጡ ብሬተንን ውሰዱ። ኮንጁሬሽን ክህሎቱ ከ25 ይጀምራል፣ ኮንጁር ፋሚሊየር የሚባለውን የተኩላ መንፈስ መጥሪያ ከመነሻው ያውቀዋል፣ ከሚወረወርበት አስማትም 25 በመቶውን ይቋቋማል። ሃይ ኤልፍ 50 ተጨማሪ ማጂካ ስላለው መጥፎ ምርጫ አይደለም፤ ነገር ግን ክህሎቱን ከ20 ወደ 25 እስክታደርሱ አፕረንቲስ ፐርኩን አታገኙትም።

2. ከሄልገን ወጥታችሁ ወደ ሪቨርዉድ ስትወርዱ መንገድ ዳር ሦስት የቆሙ ድንጋዮች አሉ። ሜጅ ስቶንን ንኩ፤ የአስማት ክህሎቶች ሁሉ በ20 በመቶ ፈጥነው ያድጋሉ።

3. ሁለተኛው ሌቨል ላይ ኖቪስ ኮንጁሬሽንን፣ ሦስተኛው ላይ አፕረንቲስን ውሰዱ። በሁለቱም ጊዜ የምትጨምሩት ማጂካ ይሁን። ያኔ 120 ማጂካ ይኖራችኋል፤ ፍሌም አትሮናክንም ሁለቴ ለመጥራት ለጥቂት ነው የሚያንሰው።

4. የፍሌም አትሮናክን መጽሐፍ ዋይትረን ቤተ መንግሥት ውስጥ ካለው ፋሬንጋር፣ ወይም ዊንተርሆልድ ኮሌጅ ካለው ፊኒስ ጌስተር ፈልጉ። ኮሌጁ በር ላይ የምትቆመው ፋራልዳ ለመግቢያ ፈተና አትሮናክ እንድትጠሩ ከጠየቀቻችሁና ድግምቱን ካላወቃችሁት ራሷ በ30 ወርቅ ትሸጥላችኋለች።

5. የኮንጁሬሽን ካባ ግዙ። የኖቪሱ ካባ ዋጋውን በ12 በመቶ ይቀንሳል፣ የማጂካውንም መመለሻ በ50 በመቶ ያፈጥናል። ከላይ ያየነው 60 ሰከንድ በመመለሻው ፍጥነት ብቻ ወደ 40 ይወርዳል። በዚህ ደረጃ ላይ ከየትኛውም የብረት ጥሩር ይበልጣል።

ቀጣዮቹን ፐርኮች በዚህ ቅደም ተከተል ውሰዱ፦ ሰመነር አንደኛው እርከን በ30፣ አትሮማንሲ በ40፣ አዴፕት በ50፣ ኤክስፐርት በ75፣ ኤለመንታል ፖተንሲ በ80፣ ትዊን ሶልስ በ100። ሰመነር የጥሪውን ርቀት እጥፍ ያደርገዋል፤ አትሮማንሲ የአትሮናክን ዕድሜ ከ60 ወደ 120 ሰከንድ ያሳድጋል። ኮንጁሬሽን ዱዋል ካስቲንግን እለፉት። በሁለት እጅ መጥራት 2.8 እጥፍ ማጂካ ይበላል፣ በምትኩ የሚሰጠው 2.2 እጥፍ ጊዜ ነው። ሁለት ጊዜ በአንድ እጅ ብትጠሩ በ2 እጥፍ ዋጋ 2 እጥፍ ጊዜ ታገኛላችሁ፣ ሁለተኛው ፍጡርም ሙሉ ጤና ይዞ ይመጣል።

የትኛው ፍጡር ለየትኛው ጠላት

ፍሌም አትሮናክ ከርቀት እሳት ትወረውራለች፤ ስትሞት ትፈነዳለች፣ ፍንዳታው እናንተንም ያቃጥላል። ትሮል፣ ስፕሪጋን፣ ቫምፓየርና አይስ ሬይዝ ላይ አምጧት፤ ሁሉም እሳት አይችሉም። ዳንመር (ዳርክ ኤልፍ) የሆኑ ሽፍቶች ግን የእሳትን ግማሽ ይቋቋማሉ።

ፍሮስት አትሮናክ ግድግዳ ነው። ቀጥታ ሄዶ ይገጥማል፣ ብዙ ዱላ ይችላል፣ በረዶውም የጠላትን እርምጃ ያዘገያል። ክፍት ሜዳ ላይ ከሽፍታ ሰፈር ጋር ስትዋጉ ከእሱ የተሻለ ጋሻ የለም። ድራውገር (ከመቃብር የሚነሳ ሬሳ) በሚበዛበት የኖርድ መቃብር ውስጥ ግን አትጥሩት። ድራውገሮችም በሕይወት ያሉ ኖርዶችም የበረዶን ጉዳት በግማሽ ይቋቋማሉ። በዚያ ላይ የመቃብሩ መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ ያ ግዙፍ አካል መሀል ላይ ከተተከለ እናንተም ማለፍ አትችሉም፣ የምትወረውሩትም ሁሉ ጀርባው ላይ ያርፋል።

ስቶርም አትሮናክ ለአስማተኛ ጠላት ነው። መብረቅ ጤናን ብቻ ሳይሆን ማጂካንም ስለሚያቃጥል የጠላት አስማተኛ መወርወሪያ ያጣል። የሚበር ድራጎን ላይም ይሠራል፣ ከርቀት ይመታልና።

ድሬሞራ ሎርድ በሁለት እጅ የሚያዝ ሰይፉን ይዞ ይሮጣል፤ በቅርብ ውጊያ ከአራቱ የሚተካከለው የለም። ኤለመንታል ፖተንሲ ለአትሮናኮች እንጂ ለእሱ እንዳልሆነ አስታውሱ። ድራጎን ላይ የምትጠሩት ደግሞ አውሬው መሬት ሲወርድ ብቻ ይሁን። ድራገንሬንድ የሚባለውን ጩኸት የተማረ ተጫዋች መጀመሪያ ድራጎኑን ያወርዳል፣ ከዚያ ይጠራል። ድራጎኑ ሰማይ ላይ እያለ የተጠራ ድሬሞራ 60 ሰከንዱን መሬት ላይ እየተንጎራደደ ይጨርሳል።

ድሬሞራን ቀደም ብሎ ለማግኘት አንድ መንገድ አለ። ከ14ኛ ሌቨል ጀምሮ መጠጥ ቤቶች ውስጥ ሳም ጌቬን የሚባል ሰው ለመጠጥ ውድድር ይጋብዛችኋል። የእሱን ታሪክ እስከ መጨረሻው ከሄዳችሁበት ሳንጊን ሮዝ የተባለውን በትር ትሸለማላችሁ። በትሩ ድሬሞራ ይጠራል፤ የሚበላው የራሱን ቻርጅ ነው፣ ማጂካችሁን አይነካም። ቻርጁ ሲያልቅ በሶል ጄም (ነፍስ በታሰረበት ድንጋይ) ይሞላል።

ቦታ

የጥሪ ድግምት ዓይናችሁ ያረፈበት መሬት ላይ ይወርዳል። አብዛኛው ሰው ፍጡሩን ከእግሩ ሥር ያወርደዋል፤ ጠላት ወደ ፍጡሩ ሲመጣ ወደ ጠሪውም መጣ ማለት ነው። ሰመነር ፐርክ ከተወሰደ በኋላ በቀስተኞች ጀርባ፣ በደረጃ ጫፍ፣ ከምሰሶ ማዶ አውርዱት። ቀስተኛና አስማተኛ ፊቱን አዙሮ አትሮናኩን መግጠም ይጀምራል፤ እናንተ ከግድግዳው ጥግ ሆናችሁ ማጂካ ትሞላላችሁ።

አዲስ ፍጡር ስትጠሩ የቀድሞው ይጠፋል። ትዊን ሶልስ ካላችሁ ሦስተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው ይሄዳል። ይህ ገደብ ጥቅምም አለው፦ በር ላይ የተቀረቀረን ወይም ገደል ማዶ የቀረን አትሮናክ ለማንሳት ሌላ ቦታ እንደገና መጥራት ብቻ ነው።

ድግምት ሲወጣ ድምፅ አለው፤ አጎንብሳችሁ እየሄዳችሁም ጠላት ሊሰማችሁ ይችላል። ኢሉዥን ክህሎት 50 ላይ የሚገኘው ክዋየት ካስቲንግ ፐርክ ይህን ያጠፋዋል። ተደብቆ ለሚጠራ ሰው ከብዙ የኮንጁሬሽን ፐርኮች የበለጠ ዋጋ አለው።

አንድ ውጊያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ብሊክ ፎልስ ባሮው የሚባለው መቃብር ሁሉም ተጫዋች ማለት ይቻላል ቀድሞ የሚገባበት ስለሆነ በእሱ እንየው። የመጨረሻው ሰፊ ዋሻ ውስጥ ድልድዩን ተሻግራችሁ የድራጎን ቋንቋ የተቀረጸበትን ግድግዳ ታገኛላችሁ። ከግድግዳው ፊት ለፊት ከድንጋይ የተሠራ የሬሳ ሣጥን አለ። ቃሉን ስትማሩ ክዳኑ ይፈነቀልና ውስጡ የነበረው ድራውገር ይነሳል።

እዚህ ላይ የተለመደው ስሕተት ወደ ግድግዳው ከመጠጋት በፊት መጥራት ነው። እስክትሄዱ፣ ዙሪያውን ያሉትን ሣጥኖች እስክትበረብሩ፣ ቃሉን እስክትማሩ ከ60ው ሰከንድ ብዙው ይቃጠላል። እንዲህ አድርጉ፦

መጀመሪያ የዕቃ ሣጥኖቹን በርብሩና ጨርሱ። ማጂካችሁ ሙሉ መሆኑን አረጋግጡ፣ ሴቭ አድርጉ። የጥሪውን ድግምት በአንድ እጅ፣ የእሳት ድግምት በሌላው ያዙ። ሳትጠሩ ወደ ግድግዳው ሂዱና ቃሉን ተማሩ። ክዳኑ ሲፈነቀል ድራውገሩ ከሣጥኑ እስኪወጣ ትንሽ ፋታ ይሰጣል፤ ያኔ ፍሌም አትሮናክን ከሣጥኑ ወዲያ ማዶ አውርዷት፣ በእናንተ በኩል አይደለም። ወዲያው ወደ ድልድዩ አፈግፍጉ። ድራውገሩ እሳት ወደምትወረውርበት አትሮናክ ሲዞር ከጎን በኩል እሳት ጨምሩበት። ወደ እናንተ ከዞረ መምታት አቁሙና ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ርቀት ጠብቁ፤ አትሮናኳ ስትመታው መልሶ ይዞራል። እሷ ብትወድቅ ሁለተኛውን ጥሪ ለማድረግ 62 ማጂካ እስኪኖር ጠብቁ። ማጂካውን በእሳት ድግምት ጨርሶ ለሁለተኛ ጥሪ ማጣት እዚህ ውጊያ ላይ ለመሞት አንደኛው ምክንያት ነው። ለአንድ ጥሪ የሚበቃ ማጂካ ምንጊዜም እንደማይነካ ቁጠባ ተቀምጦ ይቆይ።

ክህሎቱን ማሳደግ

የጥሪ ድግምት ልምድ የሚሰጠው ውጊያ ውስጥ ሲጠራ ብቻ ነው። ባዶ ክፍል ውስጥ መቶ አትሮናክ ብትጠሩ ክህሎቱ ንቅንቅ አይልም። ይህ ከላይ ካልነው ጋር ይጋጫል፦ ለማሸነፍ ከውጊያው በፊት መጥራት፣ ለመማር ደግሞ ከተጀመረ በኋላ መጥራት ያስፈልጋል። ደካማ ጠላት ላይ፣ ማለትም ተኩላ፣ ጭቃ ሸርጣንና አንድ ብቻውን ያለ ሽፍታ ሲገጥማችሁ እስኪያያችሁ ጠብቃችሁ ጥሩ። ጠንካራ ጠላት ላይ ልምዱን እርሱት፣ ቀድማችሁ ጥሩ።

ሶል ትራፕ የተባለው ድግምት ሬሳ ላይ ደጋግሞ ሲወረወርም ልምድ ይሰጣል። አሰልቺ ነው፣ ግን ፈጣን ነው። ገንዘብ ካላችሁ ሞርታል ያለው ፋሊዮን እስከ 90፣ ፊኒስ ጌስተር እስከ 75 ያሠለጥኗችኋል፤ በአንድ ሌቨል ከአምስት ጊዜ በላይ ግን አይቻልም።

ክህሎቱ 90 ሲደርስ ፊኒስን አነጋግሩት። ኮሌጁ ጣሪያ ላይ ያልታሰረ ድሬሞራ ጠርታችሁ እስኪገዛላችሁ እንድትጥሉትና ሲጂል ስቶን እንድታስመጡት ይልካችኋል። ሽልማቱ ፍሌም ትራል ነው፤ እስክትሞት ድረስ ጊዜ የማያልቅባት አትሮናክ። ሌሎቹን የማስተር ድግምቶችም ከዚያ በኋላ እሱ ይሸጥላችኋል።

ሬሳ ማስነሳት

እያንዳንዱ ድግምት የሚያስነሳው የሬሳ ሌቨል ገደብ አለው፦ ሬይዝ ዞምቢ እስከ 6፣ ሪአኒሜት ኮርፕስ እስከ 13፣ ሬቨናንት እስከ 21፣ ድሬድ ዞምቢ እስከ 30፣ ዴድ ትራል እስከ 40። ድግምቱ አልሠራም ብሎ ከተመለሰ ሟቹ ከገደቡ በላይ ነው። ጊዜው ሲያልቅ ሬሳው አመድ ይሆናል፤ ዕቃው ግን ከአመዱ ውስጥ ይወሰዳል። አመድ የማያደርገው ዴድ ትራል ነው፤ እሱም ሰው ላይ እንጂ አውሬ ላይ አይሠራም። ወደ ትዊን ሶልስ በዚህ በኩልም መድረስ ይቻላል፤ በአትሮማንሲና በኤለመንታል ፖተንሲ ፈንታ ኔክሮማንሲንና ዳርክ ሶልስን መውሰድ ነው። የሁለቱንም ቅርንጫፎች በአንድ ጊዜ መጀመር ፐርክ ማባከን ይመስለናል። አትሮናክ የትም ይጠራል፣ ሬሳ ግን መጀመሪያ የሞተ ሰው ይፈልጋል።

የሚበላሹ ነገሮችና ምክንያታቸው

ጠራችሁ፣ ብልጭታው ታየ፣ ፍጡሩ ግን የለም፣ ማጂካውም ተመለሰ? አትሮናክ ስቶንን ነክታችኋል ወይም በኦልተሬሽን 100 ላይ ያለውን አትሮናክ ፐርክ ወስዳችኋል ማለት ነው። ሁለቱም የሚወረወርባችሁን አስማት ይመጥጣሉ፤ ድንጋዩ 50 በመቶ፣ ፐርኩ 30 በመቶ። ጨዋታው የራሳችሁንም ጥሪ እንደ ተወረወረባችሁ አስማት ስለሚቆጥረው አንዳንዴ ይውጠዋል። ስሙ አትሮናክ ስለሆነ ለጠሪ የተሠራ ይመስላል፤ ለጠሪ ግን ዋናው ጠላት እሱ ነው። ሌላ ድንጋይ ንኩ።

የኮንጁሬሽን መድኃኒት ስትቀምሙ ብሉ በተርፍላይ ዊንግንና ብሉ ማውንቴን ፍላወርን አትቀላቅሉ። ሁለቱም ኮንጁሬሽንን ያጠነክራሉ፤ ነገር ግን ማጂካ እንዳይመለስ የማድረግ ባሕርይንም ይጋራሉ፣ ስለዚህ ብልቃጡ ውስጥ መርዙም አብሮ ይገባል። ብሉ ማውንቴን ፍላወርን ከላቬንደር ጋር ብትቀላቅሉት የሚጋሩት ኮንጁሬሽኑን ብቻ ነው። ሁለቱም ዋይትረን ዙሪያ ሜዳው ላይ ይለቀማሉ። መድኃኒቱ ዋጋ አይቀንስም፤ ዕድሜ ያስረዝማል፤ ስለዚህ ከመጥራታችሁ በፊት ጠጡት።

በድግምት በሚጠሩት መሣሪያዎች፣ በባውንድ ሶርድ ወይም በባውንድ ቦው የምትዋጉ ከሆነ መሣሪያውን ወደ ሰገባው ስትመልሱት ይጠፋል፤ እንደገና ማጂካ ትከፍላላችሁ። ጠላት ራሱ መናፍስት ጠሪ ሲሆን ከጠራው ፍጡር ጋር ጊዜ አታጥፉ፤ ጠሪውን ስትገድሉት ፍጡሩ አብሮ ይሄዳል። ኦብሊቪየን ባይንዲንግ ፐርክ ካላችሁ ባውንድ መሣሪያችሁ ሲነካው ያባርረዋል።

ሁለት ድሬሞራ በነፃ

ኤንቻንቲንግን (ዕቃ ላይ አስማት የማሳረፍ ክህሎትን) 100 አድርሳችሁ ፐርኮቹን ከወሰዳችሁ በግራንድ ሶል አንድ ዕቃ ላይ 25 በመቶ የኮንጁሬሽን ቅናሽ ማሳረፍ ይቻላል። ራስ፣ ደረት፣ ቀለበትና ሐብል ላይ፤ አራቱ ሲደመሩ 100 በመቶ። ጓንትና ጫማ ይህን ኤንቻንትመንት አይቀበሉም፤ በነሱ ላይ ጊዜ አታጥፉ። ከዚያ በኋላ በትዊን ሶልስ ሁለት ድሬሞራ ሎርድ በየ60 ሰከንዱ ያለ ምንም ማጂካ ይጠራሉ፣ ማጂካችሁም ሙሉውን ለፈውስና ለዋርድ (ለአስማት ጋሻ) ይቀራል።

ሌጀንደሪ የሚባለውን የጨዋታውን ከፍተኛ አስቸጋሪነት የሚሞክሩ እዚህ ደረጃ ላይ ይሞክሩት። በዚያ ደረጃ እናንተ የምታደርሱት ጉዳት ወደ ሩብ ይወርዳል፣ የሚደርስባችሁ ደግሞ ሦስት እጥፍ ይሆናል። የጠራችኋቸው ፍጡራን ጉዳት ግን አይቀነስም። ሰይፈኛው አንዱን ሽፍታ ለመጣል አራት እጥፍ በሚታገልበት ቦታ ሁለቱ ድሬሞራዎች እንደ ቀድሞው ይመታሉ። የናንተ ሥራ ከምሰሶ ጀርባ ቆሞ ሰከንድ መቁጠር ነው፤ ሃምሳኛው ላይ የመጀመሪያውን፣ ሃምሳ አምስተኛው ላይ ሁለተኛውን እንደገና ጥሩ።